«እንግዳ የቤት ወጥ አያማስልም» የተባልነው እኛ ነን?

ጦሳ ግርጌ፦ ትናንት ደሴ ላይ ስለ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የባለድርሻ አካላት አማካሪ ምክር ቤት ሲወራ አንድ ምሁር ተነሥተው «አማካሪው ሐሳቡን ይስጥ፤ ውሳኔውን ለበላይ አመራር ቦርዱና ለምሁራኑ ጉባኤ ለሴኔቱ ይተው፤ እንግዳ የቤት ወጥ አያማስልም» አሉ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔ ሻይ እንኳን ሳልጠጣ ወጣሁ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ግቢው ሲዘረፍ ያነባው ማን ነበር? ወንበርና መጽሐፍ ሲለመን «የኅብረተሰቡ ሀብት ነው» ተባልን እንጂ እንግዳ ያለን አልነበረም።

ሕግ አክባሪ፦ አነጋገራቸው ሻካራ ነው፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 ለቦርዱም ለሴኔቱም ሥራቸውን ለይቶ ሰጥቷል። የትምህርት ክፍል መክፈትም ሆነ ተማሪ ማስመረቅ የሙያ ጉዳይ ነው። ነጋዴው እጅ ያውጣበት? ነገ የዘመድ ቅጥር አጀንዳ ይሆናል።

ቦርከና፦ ዛሬ ቅጥሩ ያለ ዘመድ ነው የሚካሄደው? ደስ ይላል። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ጥገና ክፍል ነኝ። የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ፣ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚሁ። ለልምምድ የሚላኩልን ልጆች ብሩህ ናቸው፤ ነገር ግን የተቃጠለ ሞተር ፈትተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። በየዓመቱ ይህንኑ ጽፈን እንልካለን፤ መልስ የለም። ወጡን እናማስል አላልንም፤ «ጨው አነሰው» ስንል የሚሰማ ይኑር።

ሕግ አክባሪ፦ «ጨው አነሰው» የሚል ሁሉ ጨው ይዞ አይመጣም።

ቦርከና፦ ማሽን አቁመን ልጆቹን ማስተማራችን ጨው ካልሆነ ምን ነበር? ስኳር?

ፊደል ለቃሚ፦ ሳትጣሉ አንድ ነገር ልጨምር። «አማከረ» ማለት ምክር ጠየቀ ማለት ነው፤ ምክር የሰጠው «መከረ» ይባላል። ስለዚህ «አማካሪ» ያሉት ምክር ቤት ጠያቂ ነው ሰጪ? የስሙ ትርጉም ራሱ ግልጽ ሳይሆን ወንበር ቆጠራ ተጀመረ።

ሕግ አክባሪ፦ ጉዳዩ ሰዋስው ሆነ ማለት ነው።

የሰኞ ገበያዋ፦ እኔን የገረመኝ «እንግዳ» የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ እንግዳ መባል ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው? እንግዳ በረካውን ሳይጠጣ አይለቀቅም። ይህ ምክር ቤት ግን አቦል ላይ ይበተናል፤ ፎቶ ይነሣል፣ በቃ።

ጦሳ ግርጌ፦ ተባረኪ! ደግሞስ ቦርዱ የማን ልጅ ነው? ሰብሳቢውን የሚሾመው ሚኒስትሩ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያማስል ባለቤት፣ አጥሩ ሥር የሚኖር እንግዳ!

ሕግ አክባሪ፦ ቦርዱ ቢያጠፋ በሕግ የሚጠየቅበት መንገድ አለ። አማካሪው ቢያጠፋ ማን ይጠየቃል? ለዚህ መልስ ስጡኝና ዝም እላለሁ።

ቦርከና፦ ውሳኔ አልጠየቅንም አልንህ እኮ! የጠየቅነው የጽሑፍ መልስ ነው፤ «ተቀብለናል» ወይም «በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም» የሚል አንድ ገጽ። ደግሞ ስብሰባው ለምን ሁልጊዜ ደሴ ይሆናል? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል መውረድ ለማን ከበደ?

የሰኞ ገበያዋ፦ ኮምቦልቻዎች ሙቀታችሁን ቀንሱና እንወርዳለን።

ቦርከና፦ እናንተ ብርዳችሁን ጠብቁ፤ ስብሰባው የቀዘቀዘው ለካ በዚህ ነው።

ጦሳ ግርጌ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። አዋጅ 1294/2015 ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ፣ ማለትም አስተዳደሩንና ገንዘቡን ራሱ የሚመራ ሆኗል። ተራው የእኛ ሲሆን፣ ገቢ ሲፈለግ፣ ያን ጊዜ እንግዳው «ባለቤት» ተብሎ ከነቦርሳው ይጠራል።

ሕግ አክባሪ፦ ገና ላልመጣ ነገር አሁን መቆጣት ምን ይባላል? ቦርከና፣ አስተያየታችሁ በቃለ ጉባኤ ተይዟል ወይ?

ቦርከና፦ ጠይቀን ነበር። «ለአባላት አይሰጥም» አሉን።

የሰኞ ገበያዋ፦ እንግዳ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል እንዴ?