ክርክር፦ የማይታይ ስም ሌባ ያስጥላል?

የጅሬኗ፦ በጣም ተናድጃለሁ። ጅማ፣ ጅሬን ላይ ያነሳሁት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶ የአንድ ቡና መሸጫ ማስታወቂያ ሆኖ አገኘሁት። ጥግ ላይ የነበረውን ስሜን ቆርጠው ጥለውታል። ትናንት እዚሁ ግሩፕ "ስማችንን ፎቶው ውስጥ እንደብቀው" ስል ባለ ፎቶ ቤቱ "የማይታይ ስም ሌባ አያስጥልም" አሉኝ። የሚታየውስ አስጣለኝ?

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ አዝናለሁ እህቴ። ቃሌን ግን አላጥፍም። ጥግ ላይ ሳይሆን መሃል ላይ ጻፊው።

አዌቱ፦ ሰገነቱ ላይ ስም ከተጋደመበት ፎቶው ምን ቀረለት ጋሼ? ሰው የሚከፍተው ያንን የእንጨት ሥራ ሊያይ ነው።

ኮድ ሠሪው፦ አሠራሩን ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ፎቶው የተሠራባት ትንሽ ነጥብ፣ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቁጥር አለው፤ ከ0 እስከ 255። ቀዩ ከ200 ወደ 201 ቢሄድ ዓይን አይለየውም። በዚህች ልዩነት ስም ይጻፋል። ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚጽፍበት ዩቲኤፍ-8 በሚባል ዘዴ አንድ የአማርኛ ፊደል 24 ቢት ነው፤ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1 ነው። ፒክስሉ በየቀለሙ አንድ አንድ፣ በድምሩ ሦስት ቢት ከያዘ 8 ፒክስል ይበቃዋል። በፎቶው ሙሉ ደጋግመሽ ከበተንሽው ጥጉ ቢቆረጥም ሌላው ጋ ይቀራል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ በቴሌግራም ሲላክስ?

ኮድ ሠሪው፦ እሱ እውነት ነው። እንደ ፎቶ ከተላከ ጄፔግ ወደሚባል የፎቶ ፋይል ዓይነት ቀይሮ መጠኑን ለማሳነስ ይጨምቀዋል፤ የተደበቀው ይጠፋል። እንደ ፋይል ከተላከ አይነካም። ጠንከር ያለም ዘዴ አለ። ስሙ ጄፔግ ራሱ ለመጨመቅ በሚጠቀምበት፣ ዲሲቲ በሚባል ስሌት ውስጥ ይገባል። መጨመቅን በመጠኑ ይችላል።

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ "በመጠኑ" አልክ! ይኸው፣ አያስጥልም።

የጅሬኗ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ማስጣል ማስጣል ይላሉ። እኔ የምፈልገው ምስክር ነው። ማን አነሳው ሲባል የማሳየው።

አዌቱ፦ ለምስክርማ ራው ፋይሉ፣ ካሜራው የቀረጸው ያልተነካው ዋና ፋይል፣ እጅሽ ላይ አለ። ሌባው ከየት ያመጣዋል?

የጅሬኗ፦ ራው ፋይሉ እኔ ጋ ነው። ፎቶው የሚዞረው ደግሞ ያለ እኔ ነው። ስሜ አብሮት ይዙር።

የሄርማታ ልጅ፦ ወላሂ አልገባኝም። ቤተ መንግሥቱ የሕዝብ አይደለም እንዴ?

የጅሬኗ፦ ቤቱ የሁላችንም ነው። ፎቶው የእኔ ነው። ዝናቡ አባርቶ ብርሃኑ እስኪመለስ ጅሬን ላይ ቆሜ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ፎቶግራፍንም ይጠብቃል።

የሄርማታ ልጅ፦ የሰፈራችንን ልጅ በአዋጅ ልትከሺ? መጀመሪያ አይደወልለትም?

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ የሰፈር ልጅ ስለሆነ የሰው ላብ ይወስዳል? እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ።

የጅሬኗ፦ ደውዬለታለሁ። "ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት" አለኝ።

የሄርማታ ልጅ፦ ታዲያ ሰረቀ ማለት ነው? አላወቀም።

ኮድ ሠሪው፦ ስሟን ቆርጦ አላወቀም?

ባለ ፎቶ ቤቱ፦ መሃል ላይ ቢሆን መቁረጥ አይችልም ነበር።

የጅሬኗ፦ መሃል ላይ አልጽፍም ጋሼ።