የሠፈር ትራንስፎርመር ላይ ሙከራ ለማድረግ የማንን በር ላንኳኳ?

የፖሊ ተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ፖሊ ማስተርስ እየተማርኩ ነው። ትራንስፎርመር ላይ የሚገጠም የጭነት መለኪያ ሠርቻለሁ። በየ15 ደቂቃው የሦስቱንም ፌዝ (መብራት የሚያመጡትን የሦስቱን መስመሮች) አምፔር በሲም ካርድ ይልካል። ላቦራቶሪ ውስጥ በደንብ ሠርቷል። ሽምብጥ ሠፈር አንድ ትራንስፎርመር ላይ ልሞክረው ብዬ ለመብራት ኃይል ቢሮ ደብዳቤ ካስገባሁ ግን አራት ወር አለፈ። ቢሮው ያለኝ «ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ በጀቱ የማን ነው?» ብቻ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመስመር ሰው
በርታ ወንድሜ። 12 ዓመት መስመር ላይ ነው የኖርኩት። አትፍረድባቸው። ዕቃህ መብራት ቢያጠፋ የሚጠየቀው የፈረመው ኃላፊ ነው። ቢሳካ ለእሱ ምን ይተርፈዋል? ስለዚህ ገመድ የማይቆርጥ፣ ተከፍቶ ዙሪያውን የሚቆለፍ ሲቲ (አምፔር የሚለካ ቀለበት) ተጠቀም። የሚገጥመውም የእነሱ ቴክኒሻን ይሁን።

ደግሞ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት መዝግብልኝ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ 16 አምፔር ይስባል። ምጣዱ ሁሉ አንድ ፌዝ ላይ ከተንጠለጠለ፣ ሁለቱ ፌዞች ቀዝቅዘው ያ አንዱ ይነዳል። ፊውዙም ይበላል። ስንቴ ቀይሬዋለሁ! ባለ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር (kVA) ትራንስፎርመር በፌዝ የሚችለው 455 አምፔር አካባቢ ነው። ይህን በግራፍ ካሳየሃቸው ይሰሙሃል።

ሕይወት
የበጀቱ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ያጠናሁት የኢነርጂ ፖሊሲ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሪኩን ወደ ግል ስታዞር ታሪፉ ወጪ ለቀነሰ የሚያደላ ሆነ። የኩባንያዎቹ ምርምርም መነመነ። በኋላ ተቆጣጣሪው ኦፍጌም ከ2010 እስከ 2015 ለማከፋፈያ መስመር ሙከራ እስከ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ። ገንዘቡ ከደንበኛው ታሪፍ ነው የመጣው። በምላሹ የተማሩትን ለሌሎች ኩባንያዎች ማካፈል ግዴታ ሆነ። የእኛም ታሪፍ ውስጥ ትንሽ የሙከራ ድርሻ ቢኖር ኃላፊው በድፍረት ይፈርም ነበር። ህዳሴ 5,150 ሜጋ ዋት ቢኖረውም፣ ቤታችን የሚገባው በዚያችው በሠፈር ትራንስፎርመር ነው።

ለአሁኑ «አንድ ትራንስፎርመር፣ ሦስት ወር፣ ወጪው በእኛ» ብለህ በዲፓርትመንትህ ማኅተም ጻፍ። ዳታው የጋራ እንዲሆንም ከወዲሁ ተስማሙ።

የፖሊ ተማሪ
እግዜር ይስጥልኝ። ሲቲውን እቀይራለሁ። ትራንስፎርመሩ ባለ 315 ካልሆነስ?

የመስመር ሰው
ታርጋው ላይ ያለውን የkVA ቁጥር በ1.44 አባዛው፤ በፌዝ የሚችለው አምፔር ይመጣልሃል።