ሁለተኛ ቤትን በአዳር ማከራየት መከልከሉ ልክ ነው?

ጠያቂ፦ በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነው ሕግ እስከ 30 ሌሊት ለሚደርስ ቆይታ ማከራየት የሚፈቅደው ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ብቻ ነው። ባለቤቱ ቤት ውስጥ ካለ ገደብ የለም፤ ከሌለ በዓመት ከ90 ሌሊት ማለፍ አይቻልም። ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ባለ ሁለት ቤት፦ ፈጽሞ አይደለም። ሁለተኛውን ቤት የገዛሁት ታክሲ እየነዳሁ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ነው። ግብሩንም የባንኩንም ዕዳ የምከፍለው እኔ ነኝ። «ለዓመት አከራየው» ትሉኛላችሁ፤ በዚህ ከተማ ኪራይ ያቋረጠ ሰው በፍርድ ቤት እስኪወጣ ወራት ያልፋሉ። የአዳር እንግዳ ግን ከፍሎ ይገባል፣ ቀኑ ሲደርስ ይወጣል። በዚህ ሕግ የተጠቀመው ሆቴል ነው።

የፔትወርዝ (የዲሲ ሰፈር) ተከራይ፦ ወንድሜ፣ ድካምዎን አከብራለሁ። ነገር ግን በአዳር የሚከራይ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት የሚችል ቤት ነው። ስንት ወገኖቻችን ኪራዩን መቋቋም አቅቷቸው ጎረቤት ሜሪላንድ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ እንደሄዱ እርስዎም ያውቃሉ። ደግሞም ከ30 ሌሊት በላይ ለሚቆይ ሰው፣ ለምሳሌ በኮንትራት ለመጣች ነርስ ቢያከራዩ ይህ ሕግ አይነካዎትም።

ምድር ቤት አከራይ፦ እኔ ሕጉን እደግፋለሁ፤ ፈቃድ አውጥቼ የምኖርበትን ቤት ምድር ቤት አከራያለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ክፍሉ የእርሷ ነው። ለዓመት ባከራየው እርሷን የት ላሳርፋት ነው? ወረቀቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ቤቱ ዋና መኖሪያችሁ መሆኑን ማስረዳት፣ ለከተማዋ ያልተከፈለ ዕዳ እንደሌለባችሁ ማሳየት፣ የ250,000 ዶላር የኃላፊነት መድን (እንግዳ ቢጎዳ ካሳ የሚከፍል ኢንሹራንስ) መያዝ ይጠበቅባችኋል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ የማኅበሩን ደንብ አንብቡ፤ ከተማዋ የፈቀደችውን ማኅበሩ ሊከለክል ይችላል።

ባለ ሁለት ቤት፦ ሜሪላንድ ብገዛ ይሻለኝ ነበር ማለት ነው?

ምድር ቤት አከራይ፦ አይሻልዎትም። ሞንትጎመሪ ካውንቲም የሚፈቅደው ለዋና መኖሪያ ነው፤ ባለቤቱ ከሌለ በዓመት እስከ 120 ቀን። በቨርጂኒያ በኩል ደግሞ አርሊንግተን ባለቤቱ በዓመት ቢያንስ 185 ቀን እዚያው እንዲኖር ያስገድዳል።

ባለ ሁለት ቤት፦ እንግዲያው ነርሶቹን እሞክራለሁ። አቋሜን ግን አልለወጥሁም። ከተማዋ የአዳሩን በር ከዘጋች፣ የኪራይ ክርክር በፍርድ ቤት ቶሎ የሚቋጭበትን መንገድም ታብጅ። ያ እስካልሆነ ድረስ እንደ እኔ ያለ ሰው ቤቱን ለቤተሰብ ማከራየት ይፈራል።