የጨጓራ ጂስት፦ በላፓሮስኮፒ ወይስ ሆድ ተከፍቶ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለ4 ሴንቲሜትር የጨጓራ ጂስት (ከጨጓራ ግድግዳ የሚነሳ ዕጢ) አንዱ ሐኪም ላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሲል ሌላው ሆድ መከፈት አለበት ይላል። የሚወስነው መጠኑ ነው? ካንሰር ቢሆንስ መልሱ ይለወጣል?

መልስ 1፦
ከመጠኑ በላይ ቦታው ይወስናል። በፊተኛው ግድግዳ ወይም በትልቁ ኩርባ ላይ ከሆነ ለላፓሮስኮፒ የተመቸ ነው፤ ከጥቂት ጤነኛ ግድግዳ ጋር በስቴፕለር (ቆርጦ በሚሰፋ መሣሪያ) ተቆርጦ ይነሳል። ጂስት ወደ ንፍፊት የሚሄደው ከስንት አንዴ ስለሆነ ንፍፊት መልቀም አያስፈልግም። የምግብ ቧንቧው ከጨጓራ በሚገናኝበት ወይም በጨጓራ መውጫ አጠገብ ከሆነ ግን ስቴፕለሩ ብዙ ግድግዳ ይዞ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ኋላ ምግብ አላልፍ ይላል። እዚያ ዕጢውን ለይቶ ቆርጦ ግድግዳውን በእጅ መስፋት ይሻላል። ይህን በላፓሮስኮፒ የለመደ ሐኪም ከሌለ ሆድ መክፈቱ ትክክል ነው።

መልስ 2፦
በሁለቱም መንገድ ዋናው አደጋ የዕጢው መፍረጥ ነው። ጂስት በመቆንጠጫ ከተያዘ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ሴሎቹ ሆድ ዕቃ ውስጥ ይበተኑና በሽታው የመመለስ ዕድሉ በጣም ይጨምራል። ስለዚህ የሚያዘው በዙሪያው ያለው ጤነኛ ግድግዳ ብቻ ነው። የተቆረጠው እዚያው ሆድ ውስጥ ከረጢት ይገባል፣ አንዱ ቀዳዳ ሰፋ ይደረግና ሳይቆራረጥ ከነከረጢቱ ይወጣል። 10 ሴንቲሜትር የሆነውን እንዲህ ለማውጣት ሰፊ ቁርጥ ስለሚያስፈልግ የላፓሮስኮፒ ጥቅም ያን ያህል አይሆንም። የጂን ምርመራው ዕጢው ኢማቲኒብ ለተባለው መድኃኒት ምላሽ እንደሚሰጥ ካሳየ አስቀድሞ ለወራት በመድኃኒት ማሳነስ ይቻላል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በላፓሮስኮፒ በጣት መዳሰስ የለም። ወደ ውስጥ ብቻ ያደገ ትንሽ ዕጢ ከውጭ አይታይም። ኢንዶስኮፕ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) በአፍ ገብቶ ቦታውን እንዲያሳይ ከቀዶው በፊት መዘጋጀት አለበት።

መልስ 3፦
አዴኖካርሲኖማ (የተለመደው የጨጓራ ካንሰር) ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የጨጓራው ክፍል ወይም ሙሉው፣ በደም ሥሮቹ ዙሪያ ካሉ ንፍፊቶች ጋር ይነሳል፤ ደረጃውን በትክክል ለማወቅ ቢያንስ 16 ንፍፊት እንዲመረመር ይመከራል። ለታችኛው ጨጓራ ካንሰር በኮሪያና በቻይና የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች፣ በሠለጠነ እጅ ከተሠራ በሕይወት በመቆየት ረገድ በላፓሮስኮፒና ሆድ በመክፈት መካከል ልዩነት አላሳዩም። የላፓሮስኮፒ ብልጫ ሕመሙ ማነሱና ቁስሉ ቶሎ መዳኑ ነው። የስፌት ማፍሰስ ግን በሁለቱም ይመጣል፤ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም ከታየ ሳይውል ሳያድር በሲቲ ስካን ይታይ።