ዳገት ላይ ቀላል ግጭት፤ ሰው አልተጎዳም። ትራፊክ ይጠራ ወይስ ተስማምቶ መለያየት ይሻላል?

ጥያቄ፦ የዳገት ሹፌር

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት የቤት መኪኖች ዳገት ላይ ተነካክተዋል። ከፊት ኮሮላ፣ ከኋላ ቪትዝ። የቪትዟ የፊት ፓራውልት (የግጭት መከላከያው) ተሰንጥቋል፣ የቀኝ መብራቷ ማቀፊያም ተሰብሯል። የኮሮላው የኋላ ፓራውልት ተጭሯል። የኮሮላው ሹፌር «ከኋላ ያለ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው» ይላል፤ የቪትዟ ሹፌር ደግሞ ኮሮላው ወደ ኋላ ተንሸራቶ ነው የነካኝ ትላለች። ቪትዟ የራሷንም ጉዳት የሚሸፍን ሙሉ ኢንሹራንስ አላት፣ ኮሮላው በሌላ ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሚሆን የሶስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለው። ትራፊክ መጥራት ግድ ነው? ምን ምን መያዝ አለበት? መኪናዋስ እየተነዳች ጋራዥ መሄድ ትችላለች?

መልስ 1፦ የካሳ ክፍል

ሁለቱ ሹፌሮች የሚሉት ካልገጠመ ትራፊክ ይጠራ፤ የፖሊስ ቁጥሩ 991 ነው። ኢንሹራንስ ቢሮ ስትደርሱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ትራፊኩ ያነሳውን ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ነው። ፕላን ሳይነሳ የተነሳ መኪና በኋላ ብዙ ያከራክራል።

ትራፊኩ እስኪመጣ ፎቶ አንሱ። ብዙ ሰው የተሰበረውን ብቻ ቀርቦ ያነሳና ይተወዋል። የሚጠቅመው አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሁለቱን መኪና፣ የመንገዱን መስመርና ጠርዙን አንድ ላይ የያዘው ፎቶ ነው፤ ከአራቱም አቅጣጫ። ጎማዎቹ ወዴት እንደዞሩና ስብርባሪው የት እንደወደቀም ይታይ።

ለዳገቱ ክርክር አንድ ጥሩ ምልክት አለ። ከኋላ የመጣ መኪና ፍሬን እየያዘ ሲገጭ አፍንጫው ስለሚደፋ የፊተኛውን ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው። የፊተኛው ተንሸራቶ የቆመ መኪና ከነካ ግን ሁለቱ ፓራውልቶች በተለመደ ከፍታቸው ነው የሚገናኙት። ስለዚህ ሜትር ካለ ከመሬት እስከ ጭረቱ ያለውን በሁለቱም መኪና ላይ ለክታችሁ፣ ሜትሩ እንደተዘረጋ ፎቶ አንሱት። ብቻውን አይፈርድም፤ ትራፊኩና ሰርቬየሩ (የመድን ድርጅቱ ጉዳት ገማች) ግን ያዩታል። ዳሽካም ያለው ቅጂውን እዚያው ያውጣ፤ ካሜራው በላዩ ላይ እየቀዳ ያጠፋዋል።

ከሊብሬው (ከመኪናው የባለቤትነት ደብተር) የባለንብረቱን ስም፣ ታርጋውን ከነኮዱና የሻንሲ ቁጥሩን፤ ከሹፌሩ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥር፤ ከሶስተኛ ወገን ሰርተፊኬቱ የመድን ድርጅቱን ስም፣ የፖሊሲ ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ያዙ። የሹፌሩን ስልክ ብቻ ይዞ የሄደ ሰው በማግስቱ ስልኩ ሲዘጋበት የሚይዘው የለም።

ለራሳችሁ መድን ድርጅት ማስታወቅ በንግድ ሕጉ ቢበዛ በ5 ቀን ውስጥ ነው። በዚያው ቀን ብታደርጉት ይመረጣል። ሰርቬየሩ ሳያየው ምንም አታስፈቱ።

ሁለት ነገር ሰውን ያስደነግጣል። አንደኛው ኤክሰስ ነው፤ በውላችሁ ላይ የተጻፈው ተቀናሽ ከካሳው ላይ ይነሳል። ሁለተኛውና ከባዱ ከዋጋ በታች መድን መግባት ነው። መኪናዋ 2,000,000 ብር እያወጣች በ1,200,000 ብር ከተመዘገበች ድርጅቱ የሚሸፍነው ከጉዳቱ 60 በመቶውን ነው፤ 100,000 ብር ጥገና ቢኖር 60,000 ብር ማለት ነው። የመኪና ዋጋ በየጊዜው እየናረ ውሉን በድሮው ዋጋ ማደስ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 2፦ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ)

መኪናዋ ከመነዳቷ በፊት ኮፋኖው ተከፍቶ ይታይ። ቪትዝ ላይ ከፓራውልቱ ጀርባ ብዙ ክፍተት የለም፤ የኤሲው ኮንደንሰርና ራዲያተሩ እዚያው ናቸው። የፓራውልቱ ፕላስቲክ ተጨፍልቆ ስለሚመለስ ከውጭ ስንጥቅ ብቻ ያሳያል፣ ራዲያተሩን የሚይዘው ፍሬም ግን ታጥፎ ሊሆን ይችላል። ሥሯ ካርቶን አንጥፉና ሞተሩን አስነስታችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ። አረንጓዴ ወይም ቀይ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ አትነዳም፣ ትጎተት። ብዙ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም፣ ሞተሩ ሲግል የሚያስጠነቅቀው ቀይ መብራት ነው፤ ያ እስኪበራ ከጠበቃችሁ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አደጋ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ (ማቀዝቀዣ ማራገቢያው) ምንም ሳይነካ መዞሩን፣ ኮፋኖው በሁለቱም መቆለፊያው መያዙን፣ መሪው እስከ ጫፍ ሲዞር ጎማው ፕላስቲኩን አለመፋቁንም እዩ።

ጋራዥ ስትደርሱ ፕሮፎርማው (የዋጋ ማቅረቢያው) ላይ «ፓራውልት፣ መብራት» ብቻ አታስጽፉ። ከፓራውልቱ ጀርባ ያለው ብረት፣ ክሊፖቹ፣ የፓራውልቱ የጎን መያዣዎች በየስማቸው ይገቡ። ሲፈታ ተጨማሪ ጉዳት ከተገኘ ዕቃው ሳይገዛ ሰርቬየሩ ተመልሶ ይምጣ፤ ተገዝቶ የቀረበ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። የተቀየሩትን አሮጌ ዕቃዎችም አትጣሉ፣ ድርጅቱ ይረከባቸዋል።

የመብራቱ መስታወት ደህና ሆኖ ማቀፊያው ብቻ ከተሰበረ ፕላስቲኩ ይበየዳል፤ ሙሉ መብራት መግዛት አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ግን የመብራቱ አቅጣጫ ግድግዳ ላይ ተስተካክሎ ይታይ።

ቀለም ላይ ደግሞ፦ ፓራውልት ፕላስቲክ ስለሆነ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልተቀባ ቀለሙ በጥቂት ወራት እንደ ቅርፊት ይነሳል። ስቱኮም (ጉድለት መሙያው) ወፍራም ከሆነ ይሰነጠቃል፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር በላይ መሙላት አይገባም። የቀለም ቁጥሩን በዓይን አትገምቱ፣ ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ያለው ሰሌዳ ላይ አለ። ቶዮታ ላይ 040 ተራ ነጭ ነው። 070 ግን ፐርል (እንደ ዕንቁ የሚያብረቀርቅ) ስለሆነ በሦስት ደረጃ ይቀባል፤ ዋጋውም ይለያል። 070ን በ040 የቀባ ሰው ፀሐይ ላይ ሲያየው ይቆጨዋል።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

«ከኋላ ያለ ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው» የሚል ሕግ የለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይገምታል፤ እያንዳንዱ ባለንብረት ከጠቅላላ ጉዳቱ ግማሹን ይሸከማል። ግምቱ የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት እንደደረሰ ሲረጋገጥ ነው። ፕላኑና ፎቶው ዋጋ የሚኖራቸውም ለዚህ ነው። በአንቀጽ 2081 ኃላፊነቱ ያለው ባለንብረቱ ላይ ስለሆነ ሹፌሩና ሊብሬው ላይ ያለው ስም አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። ከውል ውጭ ኃላፊነት ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

ጥያቄ ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ትራፊክ ተጠርቶ ፕላን ተነስቷል። አሁን የኮሮላው ሹፌር 15,000 ብር ከፍሎ ነገሩ እንዲያልቅ ይፈልጋል። መቀበል ይቻላል?

መልስ 1፦ የካሳ ክፍል

ሙሉ ኢንሹራንስ ላላት መኪና፣ ድርጅቱ ሳይፈቅድ አይሆንም። ድርጅቱ ከከፈላችሁ በኋላ በእናንተ እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን ይጠይቃል። እናንተ «ከዚህ በኋላ አልጠይቅም» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ያን መብቱን አጠፋችሁበት፤ ካሳውን ሊከለክል ይችላል። መጀመሪያ ደብዳቤ ጽፋችሁ ጠይቁ።

መልስ 3፦ የሕግ ባለሙያ

ድርጅቱ ከፈቀደ በጽሑፍ ይሁን። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሁለቱም ታርጋ፣ ብሩ በአሃዝና በፊደል፣ በባንክ የተላለፈበት ቁጥር፣ የባለንብረቱ ፊርማ (ሹፌሩ የሚፈርም ከሆነ የውክልናው ቁጥር) እና ሁለት ምስክሮች ይኑሩበት። እርቅ በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው፤ ራዲያተሩ ተሰብሮ ቢገኝ መመለሻ የለም። ስለዚህ ፓራውልቱ ተፈትቶ ጀርባው ሳይታይ አትፈርሙ፣ ወይም «በዚህ ቀን ከውጭ ለታየው የፓራውልትና የመብራት ጉዳት ብቻ» የሚል ቃል ይግባበት።