የሌለ ቀለም በምን ይቀባል?

ሰላም፣ ሥዕል የምትሞክሩ እስቲ እርዱኝ። ያለሁት ደሴ ነው። አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪኮች ጸሐፊ ላቭክራፍት በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ከኅዋ የመጣው ቀለም» የሚል አጭር ልብ ወለድ አንብቤ ልስለው ተነሳሁ። ከሰማይ የወረደ ድንጋይ አንድ የማሳቹሴትስ ገበሬ ጓሮ ይወድቃል፤ ውስጡ የተገኘው ቀለም ሰው አይቶት የማያውቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው ገዝፎ ያብረቀርቃል፣ ሲቀምሱት ግን ይመርራል። ከብቱ ግራጫ ሆኖ እየተፈረፈረ ያልቃል።

የተቸገርኩት እዚህ ጋ ነው። ሐምራዊ ስቀባው የሠርግ ጥሪ ካርድ መሰለ። አረንጓዴ ስሞክር እናቴ «ጎመን ነው?» አለችኝ። ጭራቅ ልጨምርበት አሰብኩና ተውኩት፤ የታሪኩ ፍርሃት ቅርጽ ያጣ መሆኑ ላይ ነው።

ቦታውን ወደ እኛ አምጥቼዋለሁ፦ የጭቃ ጎጆ፣ የውሃ ጉድጓድ፣ ከኋላ የጦሳ ተራራ ግማሹ በጉም ተውጦ። ጉሙ አምሮልኛል (ክረምቱን ሙሉ በመስኮት ሳየው ከርሜ የለ!)። ያለኝ ባለ 12 የውሃ ቀለምና አንድ ነጭ አክሪሊክ ብቻ ነው። ሁሉን ግራጫ አድርጌ ጉድጓዱን ብቻ ላድምቀው? ወይስ ቀለሙን ጭራሽ ሳልቀባ፣ የሚያዩትን ሰዎች ፊት ልሳል? ወረቀቴ የቀረው ሁለት ነው፣ ቶሎ በሉልኝ።