«ቴክኖሎጂ ተከሉ» ይባላል?

ፊደል ለቃሚ፦ አንድ ዘገባ ላይ «ድርጅቱ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎችን ተከለ» የሚል አነበብኩ። ተተከሉ የተባሉት ማሽኖች ናቸው። ቴክኖሎጂ ዕውቀቱ ነው ዕቃው? ዕውቀት ከሆነ እንዴት ይተከላል?

ሰምና ወርቅ፦ ቃሉ የግሪክ ነው። ቴክኔ የእጅ ሙያ፣ ብልሃት፤ ሎጎስ ደግሞ ቃል፣ ነገር። «ቀዳሚሁ ቃል» የሚለው ላይ ግሪኩ ያለው ሎጎስ ራሱ ነው። ስለ ሙያ የሚነገር ነገር እንጂ ማሽን የለበትም።

ዝም አልልም፦ ሁሉን ለግሪክ ስጡ እንግዲህ! ኪን ግዕዝ አይደለም? ጥበብ ማለት ነው። ተ ሲጨመርበት «ተኪን»፣ ከዚያ ቴክኔ። ከእኛ የሄደ ነው።

የኔታ፦ ልጄ፣ በግሪኩ «ኔ» ቅጥያ ነው፤ ሥሩ ከፊቱ ያለው ነው። ኪንህን ከወገቡ ቆርጠህ ግማሹን ለሥር ግማሹን ለቅጥያ ልታድል ነው? ዘመድ ከፈለግህለት ቴክቶን አለ፤ ማርቆስ 6፥3 ላይ እኛ ጸራቢ የምንለው።

ነቁጥ፦ እኔ የሚገርመኝ ጥበብ ከ«ጠበበ» መምጣቱ ነው። ጠቢብ በአንድ ነገር ላይ ብቻ የጠበበ፣ የዛሬው ባለሙያ በሉት።

የኔታ፦ ያኛው በግዕዝ በጸ ነው። «ባኡ እንተ ጸባብ አንቀጽ» አልተባለም? በጠ ሲሆን ብልህ ሆነ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን አንድ አድርጎ አሳሳተህ።

ነቁጥ፦ ታዲያ የጠበበውን ደጅ ለመግባት ብልህ መሆን አያሻም? ያው ነው።

ሰምና ወርቅ፦ ወደ ነገሩ ልመልሳችሁ። በጥንቱ ግሪክ ቴክኖሎጊያ ሲባል የሰዋስውና የንግግር ጥበብ ደንብ ነበር፤ ማለትም እዚህ የምንሠራው ሥራ! በ1777 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ዮሐን ቤክማን የዕደ ጥበባት ጥናት ስም አደረገው፤ በ1829 አሜሪካዊው ጄከብ ቢግሎው መጽሐፉን በዚሁ ቃል ሰየመ። ዕቃው ራሱ በዚህ ስም መጠራቱ ከዚያ ወዲህ የመጣ ልማድ ነው።

ዝም አልልም፦ እንግዲያው «ስነ ኪን» እንበለውና እንገላገል።

ነቁጥ፦ ሥን እኮ ውበት ነው፣ ከሠነየ። ሥነ ምግባር፣ የምግባር ውበት፣ ያምራል። ሥነ ነፍሳት ግን የቁንጫ ውበት ሊሆን?

ሰምና ወርቅ፦ ዛሬ «ሥነ» ጥናት ማለት ሆኗል፣ ለምዶብናል። ሎጎስም ቢሆን ከቃል ተነሥቶ ነው ጥናት የሆነው።

ፊደል ለቃሚ፦ ይተከላል ወይስ አይተከልም?

የኔታ፦ ቆይ፣ ዝም አልልም «ስነ» ብሎ በእሳቱ ሰ ጽፏል። ሠነየ በንጉሡ ሠ ነው። እሱ ይታረም መጀመሪያ።

ዝም አልልም፦ የኔታ፣ ስልኬ ላይ ንጉሡ ሩቅ ነው።